ናሙና በቀጠሮ አይወሰድ፦ ለአዲስ አበባ የፍሳሽና የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እኔ ለዓመታት ባዶ ጠርሙስ ይዤ ፋብሪካ ስገባ፣ ሞልቼ ስወጣ የኖርኩ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ናሙና መውሰድ ነበር። ፍሳሹን ከቱቦው ቀድቼ፣ በረዶ ውስጥ ከትቼ፣ ላቦራቶሪ አድርሼ፣ ውጤቱን ወረቀት ላይ አሰፍር ነበር። ፋብሪካው "ደረጃውን ያሟላል" ወይም "አያሟላም" የሚባለው በዚያች ወረቀት ነው። ስለ ወረቀቷ በየስብሰባው ብዙ ሲወራ ሰምቻለሁ። ጠርሙሱ ስለሚሞላበት ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም አልገጠመኝም። ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ስለዚያ ሰዓት ነው።

አንድ ማክሰኞ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ቀጠሮው ከሳምንት በፊት በስልክ ተይዟል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ስንደርስ ጥበቃው በሩን ከፍቶ ይጠብቀናል፣ ቢሮ ውስጥ ሻይ ቀርቧል። ቆዳ የሚዞርባቸው ትልልቅ ድራሞች ቀጥ ብለው ቆመዋል። "ዛሬ ጥገና ላይ ነን" አሉን። ከማጣሪያው መውጫ የቀዳሁት ውሃ ከቧንቧ ውሃ ብዙ አይለይም ነበር። ውጤቱም አለፈ። ያን ዕለት ስንወጣ ከፋብሪካው አጥር ጀርባ ልብስ የሚያሰጡ አንዲት እናት ጠሩኝ። "ልጄ፣ እናንተ የምትመጡበትን ቀን እኛም እናውቀዋለን፤ ሽታው ይጠፋል" አሉኝ። "ማየት ከፈለግህ ሌሊት ና።"

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌሊት ሄድኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ እንቅልፍ ስለነሳኝ ብቻ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ፋብሪካው ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር የሚገናኝበት ማንሆል አጠገብ ቆምኩ። በክዳኑ ዙሪያ እንፋሎት ይወጣል። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ገና ከሩቁ ነበር የተቀበለኝ። በክዳኑ ቀዳዳ በእጅ ባትሪ ሳበራ ከታች የሚሮጠው ውሃ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ነበር። ቀለሙን አውቀዋለሁ፤ ቆዳ የሚለፋበት የክሮም ጨው ቀለም ነው። አልቀዳሁትም። ብቀዳውም ያለ ትእዛዝ፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ማሸጊያ የተቀዳ ውሃ ማንም ጋ አይቆምም። በመዝገባችን ላይ ግን የዚያ ፋብሪካ ስም አሁንም "ያሟላል" በሚለው ዓምድ ሥር ነበር፤ እዚያ ያሰፈርኩትም እኔው ነኝ። ይህ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

የፋብሪካውን ስም አላነሣም። አንድ ፋብሪካ ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው፤ አሠራሩ ካልተለወጠ የፋብሪካው ስም ቢቀየር ታሪኩ ያው ነውና። ልለምናችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው፦ ናሙና በቀጠሮ መውሰድ ይቅር፣ የሚቀዳውም የፋብሪካውን ሙሉ ቀንና ሌሊት የሚያሳይ ይሁን።

ለምን ሙሉ ቀንና ሌሊት እንዳልኩ ላስረዳ። የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ከሰዓት ሰዓት ቢለያይም ባሕርዩ ያው ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ ግን በየዙሩ ይለዋወጣል። ቆዳ ፋብሪካን እንውሰድ። ጥሬ ቆዳው መጀመሪያ ይታጠባል፤ ጨው፣ ደምና ቆሻሻ ይወጣል። ቀጥሎ ጸጉሩ እንዲረግፍ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ የሚደፋው ውሃ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው፤ 7 መሃሉ ነው) 12 አካባቢ ነው። በኋላ ቆዳው በአሲድና በጨው ይዘጋጃል፣ ያኔ የሚወጣው ውሃ ደግሞ ኮምጣጣ ነው። ከዚያ ክሮም ይመጣል። እያንዳንዱ ድራም የሚደፋው በራሱ ሰዓት ነው፤ አንዱ ሲደፋ ቱቦው ለሩብ ሰዓት ወይም ለግማሽ ሰዓት መርዝ ይሸከማል፣ ከዚያ ተራ የእጥበት ውሃ ይከተላል። በቢራ ፋብሪካም ያው ነው፤ ታንከሮቹና ቧንቧዎቹ በኮስቲክ ሶዳ፣ ቀጥሎ በአሲድ ሲታጠቡ የሚወጣው ውሃና ቀኑን ሲፈስ የሚውለው ውሃ አይገናኙም። ጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ዘንድ ብትሄዱ ቀለሙ በየፈረቃው ይቀያየራል። ታዲያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተሞላች አንዲት ጠርሙስ ከ3 ሰዓት በቀር የምትመሰክረው ምን አላት?

በእኛ ሙያ ይህ የአንድ ጊዜ ናሙና ይባላል። ጥቅም የለውም አልልም። ፒኤች፣ ሙቀት፣ ዘይትና ቅባት፣ ሰልፋይድ የሚለኩት በዚሁ ነው፤ ሲቆዩና ሲቀላቀሉ ይለወጣሉና። ፍሳሹ የተሸከመውን ሙሉ የቆሻሻ ጫና ለማወቅ ግን ድብልቅ ናሙና ያስፈልጋል፦ በ24 ሰዓት ውስጥ በየሰዓቱ ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ፣ እንደ ፍሰቱ መጠን ብዙ ሲፈስ ብዙ፣ ጥቂት ሲፈስ ጥቂት እየተቀዳ የሚደባለቅ። ይህን የሚሠራ ማሽን አለ፤ በውስጡ በረዶና 24 ጠርሙሶች ይዞ ማንሆል ውስጥ ተንጠልጥሎ ያድራል። ማሽኑ እስኪገዛ ደግሞ ሁለት ሰው፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ ደብተር ይበቃል። እኔ በእጄ ሠርቼዋለሁ፤ እንቅልፍ ማጣት ነው እንጂ የሚከብድ ጥበብ የለበትም።

ፍሰቱን አብሮ ስለመለካት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ለቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ በአገራችን የወጣው ደረጃ ጠቅላላ ክሮሚየም በሊትር ከ2 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። አንድ ፋብሪካ በቀን 500 ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ ቢለቅና በውስጡ በሊትር 4 ሚሊግራም ክሮሚየም ቢኖር በቀን 2 ኪሎ ክሮሚየም ወደ መስመሩ ገባ ማለት ነው። አሁን ፋብሪካው ከራሱ ጉድጓድ 500 ሜትር ኪዩብ ንጹሕ ውሃ ስቦ ይቀላቅልበት። መለኪያው 2 ሚሊግራም ያነባል፣ ፋብሪካው አለፈ። ወደ መስመሩ የገባው ክሮሚየም ግን ያው 2 ኪሎ ነው፤ ላይ በላይ ደግሞ 500 ሜትር ኪዩብ የከርሰ ምድር ውሃ ባከነ። ያ ውሃ የአቃቂ ጉድጓዶች ለከተማው ከሚሰጡት የመጠጥ ውሃ ጋር ከአንድ ማዕድ የሚቀዳ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ በሊትር ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ኪሎ እንደሆነም መጻፍ አለበት። ፍሰት ያልተለካበት ውጤት ግማሽ ውጤት ነው። በክረምት የተወሰደ ናሙናም እንዲሁ፤ የዝናብ ውሃ በየስንጥቁ ወደ መስመሩ ስለሚገባ ሐምሌ ላይ ያለፈ ፋብሪካ በሚያዝያ ወድቆ ይገኛል።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ጠርሙሱ ነው። ፍሳሽ በሃይላንድ ተቀድቶ፣ መኪናው ኋላ ላይ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ከቃሊቲ መንገድ ተዘጋግቶ ሁለት ሰዓት ሲንከራተት አይቻለሁ። ያ ጠርሙስ ላቦራቶሪ ሲደርስ ሰልፋይዱ በንኖ አልቋል፣ ቅባቱ ከፕላስቲኩ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል፣ ባክቴሪያዎቹም በሙቀቱ ግማሹን በልተውታል። የእነዚህ ውጤት ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣል። ፋብሪካውን ያሳለፈው መንገዱና ፀሐዩ ሆነ ማለት ነው።

የሚገባው አሠራር ለባለሙያዎቻችሁ አዲስ አይደለም፤ የሚጎድለው አቅርቦቱ ነው። ለከባድ ብረቶች የሚቀዳው በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ይደረጋል። ለሲኦዲ (ቆሻሻው በኬሚካል ሲቃጠል ስንት ኦክስጅን እንደሚፈልግ ለሚለካው ምርመራ) የሚሆነው በሰልፈሪክ አሲድ። ሰልፋይድ እዚያው ማንሆሉ አፍ ላይ በዚንክ አሲቴትና በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ካልተያዘ ላቦራቶሪ መውሰዱ ድካም ብቻ ነው። ቅባት በብርጭቆ ጠርሙስ ለብቻው ይቀዳል፣ ከሌላ ዕቃ አይገለበጥም። የቢኦዲው ናሙና በረዶ ውስጥ ሆኖ በቶሎ ይደርሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ጀሪካን አይሆንም፤ ከአንድ ቦታ ለሚቀዳ ናሙና አምስት ወይም ስድስት የተለያየ ጠርሙስ ያስፈልጋል። ለናሙና ሠራተኛው አይስ ቦክስ፣ አሲድ፣ ጓንትና መኪና ሳትሰጡ ትክክለኛ ውጤት ከእሱ መጠበቅ ፍትሕ አይደለም።

ቢኦዲን ካነሣሁ ዘንድ ስለ እሱ ያየሁትን ልናገር። ይህ ምርመራ በውሃው ውስጥ ያለውን የሚበሰብስ ቆሻሻ ባክቴሪያዎች ሲበሉት ስንት ኦክስጅን እንደሚጨርሱ የሚለካ ነው፤ በጨለማ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለአምስት ቀን። ብዙ ኦክስጅን ካለቀ ብዙ ቆሻሻ አለ፣ ጥቂት ካለቀ ውሃው ንጹሕ ነው ይባላል። ፍሳሹ መርዝ ካለበትስ? ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። የሞተ አይበላም፣ ኦክስጅኑም ሳይነካ ይቀራል። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ዝቅተኛ ይሆናል፣ ያየውም ሰው "እንዴት ያለ ንጹሕ ፍሳሽ ነው" ይላል። ቤታችን ውስጥ እርሾው በፈላ ውሃ ሞቶበት ሊጡ አልነሣ ያለውን እናውቀዋለን፤ ሊጡ አልነሣም ብሎ ዱቄቱ ጎደለ የሚል ሰው የለም። በቢኦዲ ግን ይህ ስህተት ሲሠራ አይቻለሁ። ማወቂያው ቀላል ነው። ያው ናሙና በተለያየ መጠን ቀጥኖ ይሞከራል፤ በቀጠነ ቁጥር የሚሰላው ቢኦዲ ከፍ እያለ ከሄደ መርዝ አለ ማለት ነው። ከሲኦዲው ጋርም ይነጻጸራል። ሲኦዲው በሺዎች ሆኖ ቢኦዲው ሃምሳ ከሆነ ያ ወረቀት ለፋብሪካው የምስጋና ደብዳቤ ሊሆን አይገባውም፤ ባለሙያው ተነሥቶ ወደ ማንሆሉ መመለስ አለበት።

ይህን ስል የሚሞቱት የላቦራቶሪው ባክቴሪያዎች ብቻ አይደሉም። የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 7,600 ሜትር ኪዩብ ከሚያስተናግደው አሮጌው ኩሬ ተነሥቶ 100,000 ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ የተገነባው በብዙ ገንዘብና በብዙ ድካም ነው። እዚያ ውስጥ የሚሠሩት ሞተሮች ብቻ አይደሉም፤ ዋናዎቹ ሠራተኞች ባክቴሪያዎች ናቸው። መጀመሪያ አየር በሌለበት ገንዳ ውስጥ ቆሻሻውን ይበሉታል፣ ቀጥሎ አየር ባለበት ይጨርሱታል። አየር በሌለበት የሚሠሩት በተለይ ተሰባሪ ናቸው፤ እድገታቸው ዘገምተኛ ስለሆነ አንድ ሌሊት የፈሰሰ አሲድ ወይም ከባድ ብረት ያጠፋውን ለመመለስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በዚያ ጊዜ የብዙ ቤቶች ፍሳሽ በቅጡ ሳይጣራ ወደ ወንዙ ይሄዳል። ብረቱ ደግሞ አይበላም፣ አይበሰብስም፤ ወርዶ ዝቃጩ ውስጥ ይቀመጣል። ንጹሕ ቢሆን ለማሳ ማዳበሪያ ሊሆን ይችል የነበረ ዝቃጭ ክሮሚየም ሲሞላበት የሚጣልበት የሚቸግር መርዝ ይሆናል።

ከዚያ በታች ያለውን ታውቁታላችሁ። ትልቁም ትንሹም አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ። በመንገዱ ላይ ግን ጎመን አለ፣ ቆስጣ አለ፣ ሰላጣ አለ። ገበሬው በወንዙ ውሃ ያጠጣል፤ ሌላ ውሃ የለውም። ጠዋት ከአቃቂ የተነሣው ቆስጣ ከሰዓት በኋላ በየሰፈራችን ጉሊት ላይ ነው። ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ይለማል ሲባል እኔም ከተደሰቱት አንዱ ነበርኩ። ዛሬም ዳርቻው ሲያምር ደስ ይለኛል። ዳርቻው ካማረ ውሃውም ይማርልን ነው የምለው።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ማንሆል ውስጥ የሚገባው ልጅ ነው። መስመሩ ሲደፈን ገመድ ታጥቆ የሚወርደው እሱ ነው። ከአንዱ ፋብሪካ የወጣ ሰልፋይድ የተሞላ ውሃና ከሌላው የወጣ አሲድ በአንድ ቱቦ ሲገናኙ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል። ፒኤቹ ከ9 በላይ እስከሆነ ድረስ ሰልፋይዱ ውሃው ውስጥ ይቆያል፤ ወደ 7 ሲወርድ ግማሹ ያህል ጋዝ ለመሆን ዝግጁ ነው፤ ከዚያ በታች ሲወርድ አብዛኛው። በጥቂቱ ሲኖር የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በአየር ውስጥ ወደ 100 ክፍል በሚሊዮን ሲደርስ ግን አፍንጫ ማሽተት ያቆማል፤ ልጁ "ሽታው ጠፋ" ብሎ አንድ እርምጃ ይጨምራል። በየአገሩ አንዱ ወድቆ ሊያወጣው የገባው ሁለተኛውም እዚያው የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ጋዝ በኮንክሪት ቱቦው ጣሪያ ላይ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ስለሚለወጥ መስመሩን ከላይ ወደ ታች ይበላዋል፤ አስፋልቱ የሰመጠበትን ምክንያት ስንፈልግ አንዳንዴ መልሱ እዚያ ነው።

ከፋብሪካ ወደ ቱቦ የሚለቀቅ ነገር ከተማ ሊያፈነዳ እንደሚችል የአሜሪካዋ ሉዊቪል ከተማ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1981 ማለዳ ከአኩሪ አተር ዘይት ማውጫ ፋብሪካ ወደ ፍሳሽ መስመር የገባ ሄክሰን የሚባል ተቀጣጣይ ፈሳሽ ተቀጣጥሎ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ከነቱቦው ተገለበጠ። ሰዓቱ ማለዳ ስለነበር ብቻ ሰው አላለቀም። እኛም ዘይት ፋብሪካዎች አሉን፣ ቀለም ፋብሪካዎች አሉን፣ የተቃጠለ ዘይትና ቤንዚን ወደ ቱቦ የሚደፉ ጋራዦችና ላቫጆዎች አሉን።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ሥልጣን ጎደለን ልትሉኝ አትችሉም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 8 የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተገቢ ነው ባለው ጊዜ ወደ ማንኛውም ግቢ እንዲገባ፣ ናሙና ያለ ክፍያ እንዲወስድና እንዲያስመረምር፣ ፎቶ እንዲያነሣ፣ መዝገብ እንዲያይ ፈቅዶለታል። ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካው ብክለትን ከምንጩ እንዲከላከል፣ ፍሳሹን እየተከታተለ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድደዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ውስጥ መኖር መብት ነው ይላል። ሕጉ "ያለ ማስጠንቀቂያ" ብሎ እያለ ቀጠሮን ያመጣነው እኛ ነን፤ በይሉኝታ፣ በመኪና እጥረት፣ "በሩን ባይከፍቱልንስ" በሚል ስጋት። በሩን ያልከፈተ ፋብሪካ ካለ አለመክፈቱ ራሱ ይመዝገብበት።

ደግሞም ናሙናው ከአጥር ውስጥ ለምን ይቀዳል? እያንዳንዱ ፋብሪካ ከከተማው መስመር ጋር ከመገናኘቱ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ማንሆል ከአጥሩ ውጭ፣ በእናንተ ቁልፍ የምትከፈት ትሁን። ከማጣሪያው መውጫ መቅዳት ፋብሪካው ወዶ ያሳየንን ማየት ነው፤ ማጣሪያውን አልፎ የሚሄድ ሌላ ቱቦ ካለ ሊታይ የሚችለው በዚያች የመጨረሻ ማንሆል ብቻ ነው። እዚያ ላይ ፒኤችና የጨው መጠን ሌት ተቀን የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ይቀመጥ። ክሮሚየምን አይለካም፤ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፒኤቹ ከ8 ወደ 12 ከዘለለ ናሙና ሰብሳቢው በስንት ሰዓት መምጣት እንዳለበት ይነግረዋል።

የተቀዳው በሦስት ይከፈል፦ አንዱ ለላቦራቶሪው፣ አንዱ ለፋብሪካው፣ አንዱ ታሽጎ የሚቀመጥ። ማሸጊያው ላይ የቀዳው፣ ያጓጓዘው፣ የተረከበው ሰው ሁሉ ከነሰዓቱ ይፈርም። ፋብሪካው ውጤቱን ቢክድ ሦስተኛው ጠርሙስ በሌላ ላቦራቶሪ ይከፈታል። ይህ ፋብሪካውንም ይጠብቀዋል፤ በተበላሸ ጠርሙስ ሊቀጣ አይገባውምና። የታሸገው ግን እስከ ዘላለም አይቆይም። ለብረት የሚሆነው ወራት ይቆያል፣ ለሰልፋይድ የሚሆነው በደንብ ከተያዘ እስከ ሰባት ቀን ነው፣ ለቢኦዲ የሚሆነው ደግሞ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ክርክሩም በቶሎ ይሁን።

ለፋብሪካዎቹ ጠበቃ ልሁን ለአፍታ። ብዙ ገንዘብ አውጥተው ማጣሪያ የሠሩ፣ ክሮሙን መልሰው የሚጠቀሙ፣ ሌሊትም ቀንም ያው የሆኑ አሉ፤ አይቻቸዋለሁ። በቀጠሮ የሚደረግ ምርመራ ከሁሉ በፊት የሚበድለው እነሱን ነው። ማጣሪያውን ቆልፎ መብራትና ኬሚካል የሚቆጥበው ጎረቤታቸው ያንኑ "ያሟላል" የሚል ወረቀት ይዞ ቆዳውን ከእነሱ በርካሽ ይሸጣል። ለአነስተኞቹም አስቡላቸው፤ ለየብቻ ማጣሪያ መሥራት የማይችሉ ጎረቤታሞች አንድ የጋራ ማጣሪያ እንዲኖራቸው ቦታና ብድር ይመቻችላቸው። የፍሳሽ ክፍያውም ባፈሰሱት ውሃ መጠን ብቻ ሳይሆን በተሸከመው ቆሻሻ ኪሎ ይሁን።

ናሙና የሚወስዱትን ልጆችም አደራ። አንድ ሰው ለዓመታት አንድ ፋብሪካ ከተመላለሰ ወይ ወዳጅ ይሆናል ወይ ጠላት፤ ሁለቱም ለሥራው አይበጁም። ይቀያየሩ። የሌሊት አበል ይታሰብላቸው፣ የጋዝ መለኪያ ሳይዙ ማንሆል አይክፈቱ፣ ብቻቸውን አይሂዱ። "ለምን ይህን ውጤት ጻፍክ" ተብሎ የተዛተበት ባለሙያ ሲመጣ በራችሁ ክፍት ይሁን።

ውጤቱም ለሕዝብ ይውጣ። የፋብሪካው ስም፣ ናሙናው የተቀዳበት ቀንና ሰዓት፣ በሊትር ስንት፣ በቀን ስንት ኪሎ፤ በየክፍለ ከተማው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ በስልክም ይታይ። ያቺ ልብስ የሚያሰጡ እናት ወረቀቱን አንብበው "ይህ የተቀዳው ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ ሌሊቱስ?" ብለው የመጠየቅ መብት አላቸው። አዋጁ በአንቀጽ 11 ማንም ሰው ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ፈቅዶለታል። ግን ማስረጃው በእናንተ ካዝና ተቆልፎ ሳለ በምን ይከሳል?

ሁሉንም በአንድ ቀን ጀምሩ አልልም። አንድ መስመር ምረጡ፤ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ካሉት አንዱን። በበጋ ይሁን። ማክሰኞ ማታ 12 ሰዓት ተጀምሮ ረቡዕ ማታ 12 ሰዓት የሚያልቅ የአንድ ቀንና ሌሊት ናሙና፣ ለማንም ሳይነገር። 24 ጠርሙስ፣ ሁለት አይስ ቦክስ፣ አንድ የጋዝ መለኪያ፣ ሦስት ሰው ይበቃል። ውጤቱን በመዝገባችሁ ካለው የቀጠሮ ውጤት ጎን አስቀምጡትና እዩት።

ለመጀመሪያው ሌሊት ሰው ቢያጥራችሁ እኔ አለሁ። አበል አልጠይቅም። የእጅ ባትሪዬም ቡትስ ጫማዬም ቤት ናቸው፤ የትኛዋ ማንሆል በየትኛው ሰዓት እንደምትከፈት የጻፍኩበት ደብተርም አብሮ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የፍሳሽ ናሙና ሰብሳቢ፣ አዲስ አበባ